ጭራቅ ነው ፍጡር? የንባብ ክበባችን ከፍራንከንስታይን ጋር የከረመበት ዓመት

ዘንድሮ የንባብ ክበባችን ያነበበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። በፊት በዓመት አራት አምስት እናነብ ነበር፣ ግን ማንበብ ሳይሆን መጨረስ ነበር ማለት ይቀላል፣ ማን ቀድሞ ጨረሰ እየተባለ ገጽ ሲቆጠር ይከርምና ሰኔ ላይ ስለመጽሐፉ ስትጠይቃቸው ከሰው እንደሰሙት ወሬ በሁለት አረፍተ ነገር ነግረውህ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ከልጆቹ ጋር ተመካከርንና አንድ መጽሐፍ፣ ቀስ ብለን፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ አልን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ላይብረሪ። «ለምን አንድ ብቻ?» ብለው የጠየቁኝ ወላጆች አሉ፣ ይሄ ዘገባ ለነሱም መልስ ይሁንልኝ።

ልጆቹ «ቲቸር የሚያስፈራ ነገር ይሁን» አሉ፣ እኔም የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» አመጣሁላቸው፣ ቪክቶር ፍራንከንስታይን የሚባል ወጣት ሰው መሳይ ፍጡር ሠርቶ ሕይወት ይዘራበትና ጥሎት የሚሸሽበት ልብወለድ ነው። የቅጂ መብቱ ጊዜ ካለፈበት ቆይቷል፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፣ በቴሌግራም ግሩፓችን ፒዲኤፉን ለቀቅነው፣ ስልክ ለሌላቸው ደሞ ምዕራፍ በምዕራፍ ፎቶኮፒ አደረግን።

መጀመሪያ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ፣ ለሌላ መምህር ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። እንዲጓጉ ብዬ ከንባቡ በፊት በፈረንጆቹ 1931 የወጣውን ፊልም አሳየኋቸው። ፊልሙ ራሱ አሪፍ ነው፣ ግን ከዛ በኋላ መጽሐፉን ሲከፍቱ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ብረት የተሰካበት፣ ማውራት የማይችለው ፍጡር ዓይናቸው ላይ ቆሞ አልሄድ አለ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው እኮ ሌላ ነው። ቁመቱ ስምንት ጫማ፣ ጸጉሩ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ቆዳው ቢጫ፣ ሲናገር ደሞ ከሁሉም ገጸ ባህርያት በላይ አንደበተ ርቱዕ ነው። በመብረቅ ኃይል የሚሠራው ማሽንም መጽሐፉ ላይ የለም፣ ቪክቶር ሕይወት እንዴት እንደዘራበት ሆነ ብሎ አይናገርም፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ይደብቃል። ይሄን ሲያውቁ ተበሳጩ፣ ሁለት ልጆች ክበቡን ለቀቁ። ከእንግዲህ ፊልም መጨረሻ ላይ ነው የማሳየው።

ጎቲክ የሚባለው፣ የኛም መጽሐፍ ያለበት የሚያስፈራ የልብወለድ ዓይነት ከየት መጣ የሚለውን አንድ ማክሰኞ ብቻ ነው የሰጠነው። ሆራስ ዋልፖል የሚባል እንግሊዛዊ በ1764 «ዘ ካስል ኦቭ ኦትራንቶ» ን ሲያሳትም የራሴ ነው አላለም፣ ከጥንት የጣልያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ ነው ብሎ አወጣው፣ በዓመቱ ሁለተኛው እትም ላይ ነው እውነቱን ተናግሮ «የጎቲክ ታሪክ» የሚል የጻፈበት። ከዛ በኋላ የመጣችው አን ራድክሊፍ ደሞ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ለይታለች፣ ገና ያልታየ ነገር የሚያሳድረው ስጋት አለ፣ ይሄ ነፍስን ያነቃታል ያሰፋታል፣ ፊት ለፊት ያየኸው ዘግናኝ ነገር ደሞ አለ፣ ይሄኛው ያደርቅሃል። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው፣ ገጠር ያደገ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «ሌሊት አጥሩ ጋ ኮሽ ሲልና ጅቡን በባትሪ ስታየው አንድ አይደለም» አለ፣ በቃ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ የለኝም። ከዛ ቀን ጀምሮ እያነበብን «አሁን ኮሽታው ላይ ነን ወይስ ባትሪው ላይ?» እየተባባልን ነበር።

ብዙ አንባቢ የሚሰለቸው መግቢያው ላይ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው በቪክቶር አይደለም፣ ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጓዝ ዋልተን የሚባል ሰው ለእህቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ነው፣ ልጆቹ እሱን ዘለን ታሪኩ ጋ እንግባ አሉ፣ እኔ አይሆንም አልኩ። ዋልተን ቪክቶርን በረዶ ላይ ያገኘዋል፣ ቪክቶር ለዋልተን ይተርካል፣ በትረካው መሃል ፍጡሩ ለቪክቶር ያወራውን እንሰማለን፣ ፍጡሩ ደሞ ተደብቆ ያየውን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይነግረናል። ሰሌዳው ላይ ለመሳል ስታገል አንዷ ልጅ «ቲቸር ይሄ እኮ አለ አሉ ነው» አለችኝ። ልክ ነች! በኛ ቋንቋ ወሬ ስናወራ «አሉ» የምንላት ቃል ተጠያቂነቱን ከኛ አውጥታ ለሌላ ሰው ታሸክማለች፣ ይሄ መጽሐፍም ከዳር እስከ ዳር «አሉ» ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማን ነው የሚያወራው፣ ለማን ነው የሚያወራው፣ ምን እንዲታመንለት ይፈልጋል ብለህ ካልጠየቅክ ታታለላለህ። ቪክቶር ስለራሱ ሲያወራ እንዴት አሳዛኝ እንደሆነ፣ የሠራውን ፍጡር ዓይኑን በገለጠ ሌሊት ጥሎት እንደሸሸ ግን እንዴት ቶሎ እንደሚያልፈው ያስተዋሉት ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። ታኅሣሥ ላይ ያንን የኅዳር ሌሊት፣ ፍጡሩ ዓይኑን የሚገልጥበትን አንቀጽ ወደ አማርኛ እንመልስ አልን። አንድ አንቀጽ፣ አራት ማክሰኞ ፈጀ። ጭቅጭቁ የተነሳው ስሙ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ስም የለውም (ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው፣ የቪክቶር)። ግማሾቹ ጭራቅ እንበለው አሉ፣ ግማሾቹ ጭራቅ በተረታችን ሰው የሚበላ ነው፣ ይሄ ገና ምንም አላደረገም፣ ገና ዓይኑን መግለጡ ነው አሉ። ከዛ አንድ ዝምተኛ ልጅ ከኋላ «ፍጡር» አለ። ሁላችንም ዝም አልን፣ ምክንያቱም «ፍጡር» ስትል ሳትፈልግ «ፈጣሪ» ን ጠርተሃል፣ ሁለቱ ቃላት አንድ ሥር ናቸው፣ እንግሊዝኛው ላይም ይሄ ዝምድና አለ ግን እዛ በስንት ማብራሪያ የማስረዳውን አማርኛው በአንድ ቃል ጨረሰው። ከዛ ሰሌዳው ላይ ቪክቶር የሚጠራበትን ስም ሁሉ ደረደርን፣ ጎስቋላ፣ ሰይጣን፣ ጋኔን፣ ጭራቅ፣ ፍጡር፣ የትኛውን መቼ እንደሚጠቀም ተከታተልን፣ ሲፈራ አንዱን ሲጸጸት ሌላውን።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ደሞ ፍጡሩ ቪክቶርን አልፕስ ተራሮች ውስጥ ሻሞኒ የሚባል ቦታ አጠገብ የበረዶ ግግሩ ላይ ሲያገኘው ምን ብሎ ያናግረው የሚለው ነው። አንተ ይበለው ወይስ እርስዎ? የሠራው ሰው ነው፣ እንደ አባት ነው፣ አባት ደሞ እርስዎ ይባላል ያሉ ነበሩ። አንዷ ግን «ስንጸልይ እግዚአብሔርን አንተ አይደል የምንለው?» አለች። ፍጡሩ እዛ ቦታ ላይ አዳምህ መሆን ሲገባኝ የወደቀው መልአክ ሆንኩ እያለ ነው የሚከሰው፣ እና አንተ የሚለው ንቀትም ጸሎትም ሊሆን ይችላል። አንተ ብለን ተስማማን። እንግሊዝኛውን ብቻ ሳነብ በ15 ዓመት ማስተማሬ እዚህ ጥያቄ ላይ ደርሼ አላውቅም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ብቻ እየተከታተለ በደብተሩ እንዲይዝ አደረግን፣ አንዱ የአየር ጠባዩን፣ አንዱ ደብዳቤዎቹን፣ አንዷ መስኮቶቹን። የመስኮቷ ልጅ ሚያዝያ ላይ ያመጣችውን እዩልኝ፣ ፍጡሩ በተሠራባት ሌሊት ቪክቶር ተኝቶ ሲባንን በመስኮቱ በገባ ደብዛዛ የጨረቃ ብርሃን አልጋው አጠገብ ቆሞ ያየዋል፣ በኋላ ኦርክኒ ደሴት ላይ ሴቷን ፍጡር እየሠራ ቀና ሲል በጨረቃ ብርሃን መስኮቱ ላይ ያየዋል፣ ሙሽራው ኤልሳቤጥ በተገደለችበት ሌሊትም ቢጫ የጨረቃ ብርሃን ክፍሉን ሞልቶት መስኮቱ ላይ ያየዋል። ሦስት ጊዜ፣ ያው ጨረቃ፣ ያው መስኮት። ጎቲክ ሲነበብ እንዲህ ነው፣ ግንቡና ዝናቡ ለማስፈራራት የተቀመጠ ጌጥ አይደለም፣ ሲደጋገም አንድ ነገር እየተናገረ ነው።

ስለ ደራሲዋ ግንቦት ላይ ነው ያነሳነው፣ አስቀድሜ ብናገር በሷ ዓይን ብቻ ያነቡት ነበር ብዬ ነው። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ አመዱ የዓለምን አየር አቀዝቅዞ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ላይ በጋው በጋ ሳይሆን ቀረ፣ ሜሪና ጓደኞቿ ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ዝናብ ቤት ዘግቶባቸው ገጣሚው ባይረን እያንዳንዳችን የመንፈስ ታሪክ እንጻፍ አለ። ሜሪ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር። ከኔ 12ኛ ክፍሎች ጋር እኩያ! እናቷ እሷን በወለደች በ11ኛው ቀን ሞታለች፣ ሜሪ ራሷ ከዛ በጋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያለጊዜዋ የተወለደች ሕጻን ሞታባታለች፣ በማስታወሻ ደብተሯም ሕጻኗ በርዷት እንጂ አልሞተችም፣ እሳት ዳር ስናሻት ነፍስ ዘራች ብላ ሕልሟን ጽፋለች። ይሄን ሳነብላቸው ላይብረሪው ጸጥ አለ፣ አንዷ «እና እሱን የሠራችው ከዚህ ነው?» አለችኝ። እኔ አዎም አይም አላልኩም፣ መጽሐፉን እንደገና ክፈቱት አልኳቸው። በ1818 ሲታተም ስሟ አልነበረበትም፣ ብዙ ሰው የባሏ የፐርሲ ሼሊ ሥራ መስሎት ነበር።

ከዓመቱ ሁሉ አንድ ማክሰኞ ምረጥ ብባል የመጋቢቱን ነው የምመርጠው። ፍጡሩ በግድግዳ ቀዳዳ እያየ ቋንቋ የሚማርበት ምዕራፍ ላይ ነበርን፣ መጀመሪያ የለመዳቸው ቃላት እሳት፣ ወተት፣ ዳቦ፣ እንጨት ናቸው። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ መብራት ሄዷል፣ በስልክ መብራት ነው የምናነበው። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ፣ አምስተኛ ክፍል ሆኖ እዚህ ከተማ የመጣ ልጅ አለን፣ እጁን አወጣና «እኔ መጀመሪያ የለመድኩት አማርኛ ና፣ ሂድ፣ ዝም በል ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። ከዛ ንባቡን እሱ ቀጠለ፣ ፍጡሩ ቤተሰቡ እስኪወጣ ጠብቆ ዓይነ ስውሩን ሽማግሌ ደ ላሴን የሚያናግርበት ጋ ደረሰ፣ ሽማግሌው ፊትህን ባላይም አነጋገርህ ከልብህ እንደምትናገር ይነግረኛል ይለዋል፣ ያኔ በሩ ይከፈታል፣ የሽማግሌው ልጅ ፊሊክስ ገብቶ በዱላ ይመታዋል። ፍጡሩ ሊበጣጥሰው ይችል ነበር፣ አልነካውም። ዝናቡ ድምፁን ሲውጠው የሚያነበው ልጅ ወንበሩን ወደ መሃል ሳበና ጮክ ብሎ ጨረሰው፣ ሲጨርስ ሰዓቱ 11 ሰዓት አልፏል፣ የሚነሳ ሰው አልነበረም።

ያ ታኅሣሥ ላይ የተረጎምነው አንቀጽ በአማርኛ ተተይቦ ላይብረሪው በር ላይ ተለጥፏል፣ በሚኒ ሚዲያም ሁለት ጊዜ ተነቧል። በ26 ጀምረን በ17 ነው የጨረስነው፣ ለቀጣዩ ዓመት «ድራኩላ» ተመርጧል፣ እሱ ደሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማስታወሻ ደብተር፣ ደብዳቤ፣ ቴሌግራምና የጋዜጣ ቁራጭ ነው፣ ደም መጣጩ ድራኩላ ራሱ ግን አንድም ገጽ አልተሰጠውም። መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ላይ ከነደብተራችሁ ላይብረሪ ኑ፣ ፊልሙን ያላያችሁ ገና አትዩት።