ለኢላማ ልምምድ የሚሆን ሽጉጥ በአፉ ስፋት አይመረጥም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ፣ በባሕር ማዶ የሚኖር አንድ አንባቢ በትርፍ ጊዜው ኢላማ ለመምታት የትኛውን ሽጉጥ ቢገዛ እንደሚሻለው ላቀረበው ጥያቄ የሰጣችሁትን ምላሽ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጠያቂው ገንዘቡ ጥቂት እንደሆነና ዓላማውም ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀት መብሳት ብቻ እንደሆነ በግልጽ ጽፎ ሳለ፣ ምላሻችሁ ግን ኋላ ሁለተኛ ከመግዛት ከወዲሁ ባለ 9 ሚሊ ሜትሩን እንዲገዛ የሚመክር ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት ወታደር ተኩስ በማስተማር ስለሆነ፣ ይህንኑ ስሕተትም በገዛ ቤተሰቤ ስላየሁት፣ የተለየ አሳብ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ። በሀገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛና ያለ ፈቃድ የማይሞከር በመሆኑ፣ የምጽፈው እንደ ጠያቂያችሁ የሚኖሩበት ሀገር ሕግ ለሚፈቅድላቸው ወገኖች ነው።

እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች መሣሪያን በአፉ ስፋትና በድምፁ የመመዘን ልማድ አለን። በቀደም ዕለት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላይ ከባልንጀሮቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ስለ ባለ 5.6 ሚሊ ሜትሩ፣ «ነጥብ 22» ስለሚባለው ሽጉጥ ባነሣ አንደኛው «እሱማ ለቆቅ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። አባቴ መንዝ ሳሉ ምንሽር ነበራቸው፤ በዓመት የሚተኩሷት ጥይት ግን ከአምስት አትበልጥም ነበር። በገና ማግስት ከገደሉ ማዶ ነጭ ድንጋይ ያስተክሉና አንዲት ብቻ ይተኩሳሉ፤ ከመቱ ወሬው እስከ ፋሲካ ይዘልቃል፣ ከሳቱ ነፋሱ ይወቀሳል። ጥይት እንዲያ መከበሩ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በአያቶቻችን ዘመን ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ገበያ ላይ ይቆጠር ነበርና። ነገር ግን በዓመት አምስት ጊዜ ተኩሶ አነጣጣሪ የሆነ ሰው እኔ አላየሁም፤ አባቴም፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ድንጋዩን የሚስቱበት ዓመት ይበዛ ነበር።

ምላሻችሁ የዘነጋው ዋናው ጉዳይም ይኸው የጥይት ነገር ነው። የሽጉጥ ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የጥይቱ ዋጋ ግን ሽጉጡ እስካለ ድረስ ይከፈላል። በአሜሪካ ገበያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነጥብ 22 የሚባለው ጥይት አንዱ ከ6 እስከ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሸጥ፣ የ9 ሚሊ ሜትሩ ግን ብዙ ጊዜ ከ20 ሳንቲም በላይ ነው። ኢላማ የሚማር ሰው በአንድ ቀን 200 ጥይት ቢተኩስ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ልዩነቱን በወሩና በዓመቱ ቅዳሜዎች ማባዛት ለአንባቢ እተወዋለሁ። ስለ ክብደቱም ከተነሣ፣ የትንሹ ጥይት እርሳስ 2.6 ግራም ያህል ሲመዝን የ9 ሚሊ ሜትሩ ከ7 ግራም ይበልጣል፤ ትንሹ ከሽጉጥ ሲወጣ የሚይዘውም ጉልበት የዚያኛውን ሩብ ያህል ነው። ለወረቀት ደግሞ ሩቡም ይተርፋል።

በ2011 ዓ.ም. የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ዴንቨር ሄጄ ነበር። እሱም የጓደኞቹን ምክር ሰምቶ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ገዝቶ፣ ወደ ተኩስ ሜዳው ይዞኝ ሄዶ፣ በ15 ሜትር ርቀት ከተሰቀለው ወረቀት ግማሹን ጥይት በታችኛው ግራ ጠርዝ በኩል ሲያባክን ተመለከትኩ። «ጋሼ፣ ማነጣጠሪያው ተጣሞ ነው» አለኝ። ካዝናውን ተቀብዬ፣ እሱ ሳያይ፣ በጥይቶቹ መካከል አንድ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት አስገብቼ መለስኩለት። ያቺ ተራዋ ደርሳ ምላጩን ሲስብ ምንም አልጮኸም፤ ነገር ግን አፈሙዙ ውኃ እንደምትጠጣ ዶሮ ወደ መሬት ደፋ አለ፣ ዓይኑም ጨፈን አለ። ሽጉጡ ገና ሳይራገጥ ልጁ ርግጫውን ቀድሞ ይጠብቅ ነበር። ልጁም እኔን አየኝና በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ከሜዳው ባለ ነጥብ 22 ሽጉጥ ተከራይተን 100 ጥይት ከተኮሰ በኋላ እጁ ረጋ፤ ጥይቶቹም ከጠርዝ ወደ መሀል ተሰበሰቡ።

እንግዲህ ከትንንሾቹ የትኛው ይመረጥ ለሚል፣ ርካሽ የሆነው ሁሉ አንድ አይደለም። ሩገር ራንግለር የሚባለው ባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨር እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ አምራቹ የተመነለት ዋጋ ከ250 ዶላር የማይበልጥ ስለነበር ኪስን አይጎዳም፤ ጥይቶቹ አንድ በአንድ ስለሚጎርሱም ችኩልን ሰው ትዕግሥት ያስተምራል። ነገር ግን ማነጣጠሪያው የማይስተካከል ቋሚ ነው፤ ጥይቱ ሁልጊዜ ሦስት ጣት ወደ ቀኝ ቢወድቅ ሰውየው ሦስት ጣት ወደ ግራ እያለመ መኖር ይኖርበታል። ለኢላማ ብቻ ለሚገዛ ሰው እኔ የምመክረው ጥቂት መቶ ዶላር ጨምሮ ብራውኒንግ ባክ ማርክን ወይም ሩገር ማርክ 4ን ነው፤ በተለይ ማነጣጠሪያው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚስተካከለውን ዓይነት። ሁለቱም ረዘም ያለ በርሜል አላቸው፣ ምላጫቸውም ለስላሳ ነው። ያገለገለ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ፣ ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትን ማርክ 4 ሽጉጦች በሴፍቲው ችግር ምክንያት ኩባንያው ራሱ ለማስተካከል ጠርቷቸው እንደነበር ያስታውስና ጥገናው መደረጉን ከሻጩ ይጠይቅ።

ከስሙ ይልቅ ግን እጀታው ይበልጣል። በሶቪየት ኅብረት ዝነኛውን ባለ ነጥብ 22 የኢላማ ሽጉጥ የነደፈው ሚኻይል ማርጎሊን ዓይነ ሥውር ነበር፤ ሥራውን በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚሠራው። ገዢም ሱቅ ውስጥ እንዲሁ ማድረግ አለበት፦ ባዶነቱን በራሱ አረጋግጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባዶውን ሽጉጥ አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ አንሥቶ፣ ከዚያ ዓይኑን ሲገልጥ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ገጥመው ካገኛቸው እጀታው ለእጁ ተሠርቷል ማለት ነው።

ትንሽ ነው ተብሎ መናቅ እንደሌለበትም ልጨምር። ይህ ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ጣርማ በር ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ቆላው የሚተኩስ ሰው የት እንዳረፈ ፈጽሞ አያውቅም፤ ስለዚህ ከኋላው የአፈር ግንብ ከሌለ ኢላማ አይባልም። ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም በቀለሃው ጠርዝ ዙሪያ የተቀባ በመሆኑ አልፎ አልፎ የማይጮኽ ጥይት ያጋጥማል፤ ያኔ አፈሙዙን ከኢላማው ሳይመልሱ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ እንጂ ወዲያው መክፈት አይገባም። ከእርሳሱም የተነሣ ምግብ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል።

በመጨረሻም በጽሑፋችሁ ላይ አንድ እርማት እጠይቃለሁ። የተተኮሰ ቀለሃ ተሰብስቦ ዳግም እንደሚሞላና ይህም ወጪ እንደሚቀንስ የገለጻችሁት ለ9 ሚሊ ሜትሩ እውነት ነው፤ ለነጥብ 22 ግን አይሠራም፤ መቺው መርፌ የሚያርፈው በቀለሃው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጠርዙ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ በኋላ በቤት ውስጥ የሚታደስበት ተራ መንገድ የለም። ጠያቂው ቀለሃ ሲያጠራቅም እንዳይከርም በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሉለት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የተኩስ አሠልጣኝ
ከደብረ ብርሃን