ሥጋው ለሰው፣ ጭሱ ለአማልክት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። አቴንስ ከመጣሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ ነው። የዕረፍት ቀኔ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ብዙ ጊዜ አርዮስፋጎስ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ የተናገረበት ኮረብታ ነው። ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ስለለሰለሰ በጣም ያንሸራትታል። ከዚያ ሆኜ ሳይ የጥንቶቹ ቤተ መቅደሶች ያሉበት ኮረብታ፣ አክሮፖሊስ፣ ፊት ለፊቴ ነው።

በቅርቡ የጥንት ግሪኮች «ድንጋይ ያመልኩ ነበር» ብላችሁ የጻፋችሁትን ሳነብ አዘንኩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለአማልክታቸው ጥብቅና ልቆም አይደለም። ግን ሰው ያላደረገውን አደረገ ማለት ተገቢ አይደለም።

ምስል ነበራቸው። ፓርተኖን በተባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ቀራጺው ፊዲያስ የሠራት እንስት አምላካቸው አቴና በወርቅና በዝሆን ጥርስ የተለበጠች ነበረች፤ ቁመቷ 12 ሜትር ገደማ። ነገር ግን ቤተ መቅደሱ የእሷ ቤት ነው እንጂ የሕዝቡ መሰብሰቢያ አይደለም። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ውጭ፣ መሠዊያው ዘንድ ነው። እዚያ በሬው ይታረዳል። የጭኑ አጥንት በሞራ ተጠቅልሎ ይቃጠልና ጭሱ ወደ ሰማይ ይወጣል። ሥጋው ለሰዉ ይከፋፈላል። በትልቁ የአቴና በዓል ደግሞ ሥጋው ለመላው ከተማ ነበር። ቅርጫ በሉት፤ ብቻ ማንም ገንዘብ አያዋጣም፣ ከብቱን የምትገዛው ከተማዋ ነች።

እንደኛ ጸሎተ ሃይማኖት አልነበራቸውም። ሁሉም የሚቀበለው ቅዱስ መጽሐፍም የለም። አምልኮ ማለት ለእነሱ መስጠት ነው፦ ወይን ማፍሰስ፣ እህል መወርወር፣ ማረድ፣ አብሮ መብላት። አማልክቱም ዓለምን ከምንም የፈጠሩ አልነበሩም። ይወለዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይቀናሉ፤ አይሞቱም እንጂ። የአማልክቱ አለቃ ዜውስ እንኳ አንዱ ሆኖ ስሙ ብዙ ነው። ጎተራ ውስጥ የቤት ንብረት ጠባቂ ነው። ደጅ ላይ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የእንግዳ ጠባቂ፤ እንግዳን የበደለ እሱን እንደ በደለ ይቆጠር ነበር። በሰው አገር ለምኖረው ለእኔ ይሄኛው ልቤን ይነካዋል።

ማስረጃ ከተፈለገ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ክፈቱ። የልስጥራ ከተማ ሰዎች በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን» አሏቸው። ድያ ማለት ዜውስ ነው፤ ሄርሜን ደግሞ የአማልክቱ መልእክተኛ ሄርሜስ። አማልክት በሰው መልክ ወደኛ ወርደዋል ብለው አምነዋል። ታዲያ የድያ ካህን ምን ይዞ መጣ? ኮርማዎችና የአበባ አክሊሎች። በእነሱ ዘንድ አምላክ ሲመጣ የሚደረገው ይኸው ነበር፤ መሠዋት።

እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል። ከጽሑፉ ጋር ፎቶ የምታወጡ ከሆነም፣ እባካችሁ የመሠዊያ ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከአቴንስ