«ብቻ» ብላችሁ ያለፋችሁት

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሕይወት መድን ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ተኝቼ፣ አንዴ ተነስቼ። ያስነሳኝ ንዴት ነው። አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ በየጊዜው የሚከፈለው ገንዘብ፣ ምን እንደሆነ፣ ተጠቃሚ እንዴት እንደሚሰየም ደህና አድርጎ ያስረዳል። ከባድ በሽታ ለያዘው ሰው በሕይወት እያለ የሚከፍለው የጽኑ ሕመም ሽፋን ጋ ሲደርስ ግን በሁለት መስመር ገላገለው። ሁለተኛዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ታማሚው የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ብቻ ይጠበቅበታል።»

ብቻ!

እኔ እዚህች «ብቻ» ውስጥ መኖር ከጀመርኩ 7 ወሬ ነው።

የአንጀት ካንሰር ታማሚ ነኝ። የሕይወትና የጽኑ ሕመም መድን የገባሁት ከ8 ዓመት በፊት ነው። አረቦኔን አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። በሽታው ሲገኝብኝ የሐኪሜን ደብዳቤ ይዤ ወደ መድን ድርጅቱ ሄድኩ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ «ካንሰር» የሚል ቃል አለው። በእናንተ ስሌት ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አነበበችውና «ይሄ አይበቃም እናቴ» ብላ ቅጽ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የሞቱበት ቀን።» ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠውን ቅጽ ነው አንስታ የሰጠችኝ። «ገና ነኝ» አልኳት።

አሁን ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ላስረዳ፤ ለሌላው ታማሚ ይጠቅመዋል። ይህ ሽፋን የበሽታውን ስም ሰምቶ አይከፍልም። የሚያየው ውሉ ውስጥ የተጻፈውን ትርጉም ነው። ሐኪም «ካንሰር» ብሎ ይጽፋል። ውሉ ደግሞ ካንሰሩ ከተነሳበት ቦታ አልፎ ወደ ጤነኛው ሥጋ መግባቱን ይጠይቃል። ስለዚህ ዋናው ወረቀት የፓቶሎጂ ውጤት፣ ማለትም ከሰውነት የተወሰደው ናሙና ላቦራቶሪ የታየበት ውጤት ነው። ገና ከተነሳበት ንብርብር ያልወጣ ከሆነ ብዙ ውሎች ወይ አይከፍሉም፣ ወይ ከፊሉን ነው የሚከፍሉት። ስትሮክም እንደዚያው። ፊቱ ተጣሞ፣ አንደበቱ ተሳስሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የተመለሰለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከትርጉሙ ውጭ ነው። ውሉ የሚፈልገው ሳይለቅ የቀረ ጉዳት ነው። ሃርት አታክ ከሆነ ደግሞ በኢሲጂ (የልብ ምት በሚመዘግበው ምርመራ) ላይ የታየ ለውጥና ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው የትሮፖኒን ከፍ ማለት ይጠየቃል። ይሄ ሁሉ ክፋት ነው አልልም። ድርጅቱ ማጣራት አለበት፤ አጭበርባሪም አይጠፋም። ግን «ብቻ» አይባልም።

ከዚያ ቀን ቆጠራው አለ። ውሉ ከተገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ ብዙ ጊዜ 90 ቀን፣ የተገኘ ካንሰር አይሸፈንም። በሽታው ከታወቀ በኋላም የተወሰነ ቀን በሕይወት መቆየት ግዴታ ነው። አንዱ ውል 14 ይላል፣ ሌላው 30። ከዚያ በፊት የሞተ ሰው የጽኑ ሕመሙን ገንዘብ አያገኝም፤ የሕይወት መድን አብሮ ካለው ቤተሰቡ በዚያ በኩል ይጠይቃል። የእኔ ውል 30 ነው የሚለው። 30ኛውን ቀን እንደ ልደቴ ነው ቆጥሬ የደረስኩበት።

ሁሉን አሟልቼ ካስገባሁ በኋላ ስልክ ተደወለ። «ፊርማዎ ውሉ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም።» የምወስደው መድኃኒት ኦክሳሊፕላቲን ይባላል። የጣት ጫፍ ያደነዝዛል። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ስነካ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ይመስለኛል። እስክሪብቶ መያዝ ራሱ ትግል ነው። እንግዲህ መታመሜን አስረጂ ይሉኛል። ከጣቴ የወጣውን ማስረጃ ሲያዩ ደግሞ ሌላ ሰው ነሽ ይሉኛል።

ይሄን ስጨርስ የድሮ ፋይሌ ተፈለገ። ውሉን ከመግባቴ 2 ዓመት ቀደም ብሎ ጨጓራዬን አሞኝ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ኪኒን ተሰጥቶኝ ተመለስኩ። «ለምን አልገለጹም?» ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ቅጹ ጠይቆኛል። እኔ ጨጓራን እንደ በሽታ አልቆጠርኩትም፤ ማን ይቆጥረዋል? የተረሳውን ሆን ተብሎ ከተደበቀው ለይቶ ማየት የአባት ነው። ለመለየት ግን 3 ወር ፈጀባቸው። በዚያ 3 ወር አረቦኑ አልቆመም። ታምሜያለሁ ብሎ ክፍያ ያቆመ ሰው ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል፣ አረቦን የሚያስቀር አንቀጽ ካላስገባ በቀር። ዘገባችሁ ይህቺን አንዲት ነገር እንኳ ቢናገር ምን ነበረበት?

በሕይወት መድኑ በኩል ደግሞ ሌላ በር አለ። ብዙ ውሎች ታማሚው ከ12 ወር በላይ እንደማይቆይ ሐኪም ካረጋገጠ፣ የሞቱን ገንዘብ በሕይወት እያለ ይሰጡታል። ሲነበብ ደስ ይላል። እስቲ ሐኪም ፊት ቁጭ ብላችሁ «ዓመት እንደማልሞላ ይጻፉልኝ» ብላችሁ ለምኑ። ኬሞ ስንወስድ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ለምኗል። «ዕድሜ በእግዜር እጅ ነው» አለው ሐኪሙ። ለታማሚ ጥሩ መልስ ነው። እግዜር ግን ቅጽ አይሞላም።

ፎቶውንስ ምን ልበለው? ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ፖስታ ይዛ። ያነጋገራችሁት ወራሽ፣ ጠበቃና የመድን ባለሙያ ነው። አንድ ታማሚ የለም። ይህን ሽፋን ያመጣው ሰው ቢያየው ይገርመው ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ማሪየስ ባርናርድ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ባደረገው የወንድሙ ቡድን ውስጥ ሠርቷል። በ1983 ይህ ውል እንዲጀመር ያደረገው፣ በቀዶ ሕክምና ያዳናቸው ሰዎች ኪሳቸው ሲራቆት አይቶ ነው። ያኔ የሚሸፈኑት 4 ብቻ ነበሩ፦ ካንሰር፣ ስትሮክ፣ ሃርት አታክና የልብ ደም ሥር ባይፓስ፣ ማለትም ደም የተዘጋውን ሥር ዞሮ እንዲያልፍ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና። የሞተ ሰው የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የተረፈው ነው የሚከፍለው።

የእኔ ፋይል ዛሬም «በመታየት ላይ» ነው።

ማረሚያ ካወጣችሁ ብዙ አልጠይቅም። «ብቻ» የምትለዋን አንሷት። በምትኩ አንባቢ ሳይታመም ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ የትርጉሙን ገጽ እንዲያነብ ጻፉለት። ሐኪም ጋ ሲሄድ ያንን ገጽ ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት ከዚያ ያየዋል። እምቢ ከተባለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ፎቶ ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ። ሐሙስ ኬሞ አለኝ፤ ከዚያ ውጭ ባላችሁት ቀን እመጣለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ