ሑዳዴ ሳይገባ ለወንድሜ

የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ታክሲ ስነዳ ቁጣዬን አልቻልኩትም፤ ጾም ሲገባ ደግሞ ይብስብኛል» ያልከኝ ከልቤ አልወጣም። ሑዳዴ የካቲት 9 ሰኞ ይገባል። ሳምንት ቀድሞ እንዲደርስህ ይህችን ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ዛሬውኑ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ራስን የመግዛት ሥራ አብዛኛው የሚሠራው ፈተናው ከመምጣቱ በፊት ነውና።

ከቡናው ልጀምር። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን በዘወረደ፣ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ለሚነሣው ጠብ ብዙ ጊዜ እጁ አለበት። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ማመም ይጀምረዋል። በሁለተኛው ቀን ይብሳል፤ እስከ ዘጠኝ ቀን የሚቆይበትም አለ። ራስ ምታት ብቻ አይደለም፤ ድካም፣ መነጫነጭ፣ ትንሽ ነገር አለመቻልም ነው። ሰውየው ጾሙ የከበደው ይመስለዋል፤ የከበደው ግን የቡናው መቅረት ነው። ስለዚህ ከዛሬ እስከ ማክሰኞ በቀን ሁለት ስኒ ጠጣ። ከረቡዕ እስከ ዓርብ አንድ። ቅዳሜና እሑድ ያችኑ አንዷን ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ ግፋት። ጾሙ ሲገባ ከምግብ በኋላ አንዲት ስኒ ይበቃሃል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን አትጠጣ፣ እንቅልፍህን ይወስዳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ የሚጋጨው ከረዳቱ ጋር ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ከምትገድፍበት ሰዓት ጀምሮ እስክትተኛ ሁለት ሊትር ያህል ቀስ በቀስ ጠጣ። ልትተኛ ስትል በአንዴ ብትጨልጠው ሌሊቱን ስትመላለስ ታድራለህ። ማታ ጨውና በርበሬ የበዛበት ሽሮ በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉሮሮህን ያደርቀዋል። በዳቦና ስኳር በበዛበት ሻይ ብቻ አትግደፍ፤ ቶሎ ያጠግባል፣ ቶሎም ያስርባል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባ ቆይተው ይይዛሉ። መሪ ጨብጠህ ካዞረህ ግን ጥግ ይዘህ ቁም። ለንስሐ አባትህም ሥራህን ንገራቸውና ሰዓቱን እሳቸው ይወስኑልህ። የሰው ነፍስ ጭነህ እየነዳህ በራስህ ፈቃድ ሰዓት ማራዘም ትጋት አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አባቶች ክፉ ሐሳብ ደረጃ በደረጃ እንደሚገባ ያስተምራሉ። መጀመሪያ ይመጣል። ቀጥሎ እናነጋግረዋለን። ከዚያ እንስማማለን፣ ከዚያ እንፈጽመዋለን፣ በመጨረሻ ልማድ ሆኖ ይገዛናል። መምጣቱ ኃጢአት አይደለም፤ ማንም አይቀርለትም። ሰው የሚሸነፈው ማነጋገሩ ላይ ነው።

በመንገድህ እየው። አንዱ ሚኒባስ ድንገት ቆርጦብህ ገባ። መደንገጥህና ደምህ መፍላቱ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። «ሆን ብሎ ነው፣ ንቆኝ ነው» ስትል ግን ማነጋገር ጀመርክ። ይህችን «ንቆኝ ነው» የምትል ቃል ጠብቃት። ተሳፋሪው ፌርማታው ካለፈ በኋላ «ወራጅ አለ!» ሲልህ፣ ረዳቱ በመልስ ሲጨቃጨቅ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሌላው ቀድሞህ ሲገባ፣ ሁሉም ቦታ ያቺው ቃል ናት የምትመጣው። ሰውየው ስለ አንተ አላሰበም፤ የራሱን ጉዳይ እየሮጠ ነው። «አላየኝም» ብለህ ተካት፤ ብዙ ጊዜ እውነቱም እሱ ነው።

ሰውነትህ ከአፍህ ቀድሞ ይነግርሃል። መንጋጋህ ይጠብቃል፣ ትከሻህ ወደ ጆሮህ ይወጣል፣ ጣቶችህ መሪውን አንቀው ይይዛሉ። ከሦስቱ አንዱን ስታይ ጣቶችህን አላላ፣ ትከሻህን ጣል። እስከ አራት እየቆጠርክ አየር አስገባ፤ ስታስወጣ ቀስ ብለህ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በል። ሦስት ጊዜ። ግማሽ ደቂቃ ነው። ትንፋሹ ሲወጣ ከገባበት ይርዘም፤ የልብ ምትን የሚያረጋጋው ረጅሙ ማስወጣት ነው። መናገር ግድ ከሆነም ስለ ነገሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር፣ ስለ ሰውየው ጠባይ ምንም። ጠዋት ቁልፉን ሳትነካ ደግሞ ያቺን የመዝሙር 140 ጸሎት በቃልህ በል፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ።» ጠባቂ የሚቆመው ሌባው ከመምጣቱ በፊት ነው።

የነዳጅ ሰልፉን አትጥላው። 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሳይቸኮል ሲባል ሦስት ደቂቃ ግድም ይወስዳል። መቁጠሪያህን ቤት አታስቀምጠው፣ ኪስህ ውስጥ ይዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳይበላሽብህ። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ይውልና ማታ እናቱ ላይ ይፈነዳል። ዝም ማለቱ ውስጥ ውስጡን ከመብላት ካላለፈ ትዕግሥት አይደለም፣ ቂም ነው። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የተባለውን እንደ ቀጠሮ ያዘው። ከረዳትህ ጋር ከተጋጫችሁ ሒሳብ ስትተሳሰቡ፣ ከመለያየታችሁ በፊት ጨርሱት። «ጠዋት ጮኼብሃለሁ፣ ጥፋቴ ነው። የመልሱን ነገር ግን ነገ እንዲህ እናድርግ።» በቃ፣ ይህን ያህል ነው። «ግን አንተም እኮ» ካልክ ይቅርታው ፈረሰ።

ስለ ውርርዱ ደግሞ፤ ነገሩን ከእማዬ ሰምቻለሁ፣ አትቆጣት። ወረቀቱን በቁጥር እየው። ስድስት ጨዋታ መርጠህ እያንዳንዱን የማግኘት ዕድልህ ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። ስድስቱንም አንድ ላይ የማግኘት ዕድልህ ከ64 አንድ ነው። አምስቱ ገብተው አንዱ ሲያመልጥህ «ለጥቂት ነው» የሚያሰኝህ ስሜት ነው ነገም የሚመልስህ፤ የተከፈለህ ግን ምንም የለም። እዚህ ላይ በጉልበት አትታገል፣ መንገድ ለውጥ። ከስልክህ አጥፋው። ከተራው ወደ ቤት ስትሄድ በውርርድ ቤቱ ደጅ አትለፍ፣ አምስት ደቂቃ ቢያስረዝምብህም ዙር። የመኪናውን ገቢ ካስረከብክ በኋላ የቀረውን ለእማዬ ስጥ፤ እኔም የምልከውን ከእንግዲህ በእሷ ስም አደርገዋለሁ። በቁጣ እንዳልሆነ እወቅልኝ።

ስልኩ ማታ ሳሎን ይደር፤ ለመንቂያ ሰዓት ግዛ። ዓይንህ ድንገት ያረፈበት ነገር አንተን አይከስህም፤ ተመልሰህ ያየኸው ነው የሚከስህ። ሁለተኛውን እይታ ተወው።

ብትወድቅ ሳምንቱን ሙሉ አትጣለው። የወደቅክበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አስታውስ፤ ርቦህ ነበር? እንቅልፍ አጥተህ ነበር? ብቻህን ነበርክ? ለንስሐ አባትህ ስትነግራቸውም «ቁጡ ነኝ» ብለህ አትለፍ፣ የሆነውን ንገራቸው። ለዚያ የሚሆን ምክር የሚሰጡህ ያኔ ነው።

እማዬን አደራ። የስኳር መድኃኒቷን ወስዳ ሳትበላ እንዳትቆይ። ጾሙ ሳይገባ በዚህ ሳምንት ሐኪሟ ጋ ውሰዳት፣ ከዚያ የንስሐ አባቷ ጋ፤ እሳቸው ጾሙን ፍቺ ካሏት እሺ ትላለች፣ እኔና አንተ ብንላት አትሰማም። ስኳሯ ወርዶ ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ንግግሯ ከተምታታ፣ መዋጥ እስከቻለች ድረስ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠህ ወዲያው አጠጣት፤ ጾም ነው ብላ እንቢ እንዳትልህ አስቀድመህ አስምላት። ሐኪሙ ያሉትን ሐሙስ ማታ ደውለህ ንገረኝ።

እህትህ