ሪባን ቆራጮቹ ብቻ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እያደገ ያለን አካባቢ ስለሚመሩ ሥራ ፈጣሪዎችና ኃላፊዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ሪባን የሚቆርጡት በሙሉ አሉበት። ሪባን መቁረጥ ደግሞ ማን ያቅተዋል? ሠራተኛ የሚያሠለጥነውና ብድር የሚሰጠው ግን የሉም።

የስፔኗን የሞንድራጎን ከተማ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሆሴ ማሪያ አሪዝሜንዲያሪየታ የተባሉ ቄስ እዚያ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ፋብሪካ የመጣው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ያቋቋሙትም 5 የትምህርት ቤቱ ምሩቃን ናቸው። በ1959 የራሳቸውን የቁጠባና ብድር ተቋም ጨመሩ። ዛሬ ከዚያ ያደገው የኅብረት ሥራ ድርጅቶች ኅብረት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉት፤ ብዙዎቹም የድርጅታቸው ባለድርሻ ናቸው። 13 ዓመት መታገስ የሚችል ኃላፊ ስንት አለ?

በሚቀጥለው እትም እስቲ አሠልጣኞቹንም አነጋግሩልን።

አንባቢያችሁ