ለጎፋ ወገኖቻችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለደብራችን ካህናት፣ ለሰንበቴና ለማኅበር አባላት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለመላው ምእመናን፤

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ በከባድ ዝናብ የራሰው ተዳፋት ተንሸራትቶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋና በባዶ እጃቸው ይቆፍሩ በነበሩት ጎረቤቶች ላይም ተራራው ዳግመኛ ተናደባቸው። ሕይወታቸውን ያጡት ከ200 በላይ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ለወገን የደረሱ ናቸው።

ጎፋ ከደብረ ብርሃን ሩቅ ቢሆንም፣ መሬት ሲከዳ ምን እንደሚመስል የሰሜን ሸዋ ሰው አያጣውም። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በደብረ ሲና አቅራቢያ፣ ይዛባ ላይ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ1,000 በላይ ቤቶችን መጉዳቱን በመካከላችን የሚያስታውሱ አሉ። የዚህ አደጋ ክፋቱ ከቤቱ ጋር እርሻውን ይዞ መሄዱ ነው፤ የተረፈውም ሰው ነገ ሊናድ በሚችል ተዳፋት ሥር ተመልሶ ጎጆ መቀለስ አይችልም። በጎፋም ከ15,000 በላይ ሰዎች ከስጋት ቀጠናው መነሣት እንዳለባቸው ተገልጿል። እንግዲህ ልንረዳቸው የሚገባው ለአንድ ሳምንት ብቻ አይደለም።

በዚህ ምክንያት ሰበካ ጉባኤው ልብስና ቁሳቁስ እንዳይሰበሰብ ወስኗል። ከዚህ ቀደም ለሌላ አደጋ የሰበሰብነው ልብስ ማጓጓዣ ጠፍቶለት በዕቃ ቤታችን ከርሞ አይጥ እንደበላው መሸሸግ አይገባንም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነበር። በክረምት መንገድ ጭነት እስከ ጎፋ ለማድረስ የሚወጣው ኪራይ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ገንዘብ ከሆነ ግን በሀገረ ስብከታችን በኩል ለቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ደርሶ፣ የሚያስፈልገው ከቅርብ ገበያ ይገዛበታል። በቀላውዴዎስ ዘመን የአንጾኪያ ምእመናን በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞቻቸው እንደየአቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ወደ ሽማግሌዎቹ እንደላኩት፣ እኛም በታወቀ እጅ እንልካለን።

የሰንበቴ አባላት የአንድ ተራ የጠላና የዳቦ ወጪያቸውን እንዲሰጡ፣ ደመወዝተኞችም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በምንጾመው በፍልሰታ ከማዕዳችን የሚቀነሰውን አስበው እንዲያዋጡ እንለምናለን። ገበሬው በዚህ ወር እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ እንደማይኖር እናውቃለን፤ በጎተራው የተረፈ ገብስ ወይም ባቄላ ያለው ቢያመጣ ደብሩ እዚሁ ገበያ ሸጦ ወደ ገንዘብ ይለውጠዋል፤ የሌለውም ለመኸር ቃል ገብቶ በመዝገብ ይጻፍ። የመኸሩ ስጦታ ዘገየ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። እንዲያውም የሰው ሁሉ ጆሮ ወደ ሌላ ወሬ በሚዞርበት ወቅት ስለሚደርስ፣ ጎጆ ለሚሠራው ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

በከተማችን መጠለያዎች ያሉ ተፈናቃዮች እያሉ ስለ ሩቅ አገር ለምን እንጠየቃለን የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስለዚህም ለተፈናቃዮች የተያዘው ሙዳየ ምጽዋት አይነካም፤ የጎፋው ለብቻው ተሰይሞ በተለየ መዝገብ ይያዛል። የሚሰጠው እርዳታም የተጎጂውን ሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም እንዲውል ከገንዘቡ ጋር በሚላከው ደብዳቤ እንገልጻለን።

መዋጮው ከእሑድ ሐምሌ 28 ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ገንዘብ ያዥ ዘንድ በደረሰኝ ይሰበሰባል፤ ያለ ደረሰኝ ለማንም እንዳትሰጡ አደራ እንላለን። የተሰበሰበው ልክና የተላከበት ማስረጃ ነሐሴ 16 ቀን በዐውደ ምሕረት ይነበባል፤ በቃል የተመዘገበውም ከመኸር በኋላ በዚያው መንገድ ይላካል።

የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት