የሥነ ጥበብ ክበብ፦ ሸራ ላይ የታተመ ሥዕል ምን ዓይነት ቨርኒሽ ይቀባ?

የክበባችን ተማሪዎች ዘንድሮ 12 ሥዕሎቻቸውን ሸራ ላይ አሳትመው ለኮሪደሩ አዘጋጅተዋል። ከሥዕሉ ይልቅ ብዙ ያሠራን ቨርኒሹ ነው። ያልተቀባ ኅትመት ጥፍር ሲነካው ይፋቃል፤ ተማሪ በሚተላለፍበት ግድግዳ ላይ አይበረክትም።

ቨርኒሽ ከመግዛት በፊት የኅትመቱን ቀለም ማወቅ ይቀድማል። ከሸራው ጠርዝ በተረፈ ቁራጭ ላይ በእርጥብ ጥጥ ማሸት ነው። ጥጡ ቀለም ከያዘ፣ በውሃ የሚቀጥነው ቨርኒሽ ጥቁሩን ከነጩ ያደባልቀዋል። እንዲህ ላለው የሚሆነው በውሃ ሳይሆን በኬሚካል የቀጠነ፣ የሚረጭ ቨርኒሽ (ስፕሬይ) ነው፤ ጢሱ ጎጂ ስለሆነ ግን ለተማሪ አይሰጥም። የእኛ ጥጥ ንጹሕ ስለወጣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ መረጥን። ለበርና ለወንበር የሚሸጠው ቨርኒሽ በዋጋ ቢያጓጓም ለሸራ አይሆንም፤ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ሸራው ሲታጠፍም ይሰነጠቃል።

ግሎሱ፣ ማለትም የሚያብረቀርቀው ቨርኒሽ፣ ቀለሙን ያደምቃል፤ መስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀል ግን ከሥዕሉ ይልቅ መስኮቱ ይታያል። ማቱ፣ ማለትም የማያብረቀርቀው፣ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ይወስደዋል፣ በተለይ ሲደራረብ። ለኮሪደራችን በሁለቱ መካከል ያለው ሳቲን ተስማማ።

ኅትመቱ ከማሽን ከወጣ በኋላ 24 ሰዓት ተነጥፎ ይደርቃል። ቨርኒሹ በእንጨት ቀስ ተብሎ ይማሰላል፤ ጣሳው ከተናጠ አረፋ ይሞላል፣ አረፋውም በሸራው ድርና ማግ መካከል ሲፈነዳ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ክፍተት ይተዋል። መያዣው ላይ ማቅጠን እንደሚቻል ከተጻፈ ብቻ፣ ለ9 እጅ ቨርኒሽ 1 እጅ ዲስቲልድ ውሃ ጨምረን በስስ ስፖንጅ ሮለር እንቀባለን፤ አንዱን ዙር ከላይ ወደ ታች፣ ሁለተኛውን ከግራ ወደ ቀኝ። መድረቅ በጀመረ ቦታ ላይ ሮለር መመለስ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ግማሽ የደረቀውን ቨርኒሽ ይጎትተውና ነጭ ጭረት ይቀራል። የተዘለለ ቦታ የሚታየው የስልክ መብራት ከጎን፣ ከሸራው ጋር ተጠግቶ ሲበራ ነው፤ ያልተቀባው ደርቆ ይታያል።

በጥር ፀሐይ በሁለት ዙሮች መካከል ከ2 እስከ 4 ሰዓት መጠበቅ በቂ ነበር። በክረምት እርጥበት ግን ቨርኒሹ ሊነጣ ስለሚችል ሥራውን ከሰኔ በፊት እንጨርሳለን።

ፍሬም ላይ የሚወጠረው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ከተቸኮለ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ፊት ለፊት የተደራረቡ ሸራዎች ይጣበቃሉ። ፀሐይ መከላከያ ያለው ቨርኒሽም መደብዘዝን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳ ባዶ የተውነው ለዚህ ነው።